የከተማ አስተዳደርና የግል አጋርነት፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ የመንግሥትና የግል አጋርነት ከተለመደው ጨረታ በምን ይለያል?

መልስ፦ በተለመደው ግዥ አስተዳደሩ ሥራውን ተረክቦ፣ ከተቋራጩ ጋር ሒሳብ ዘግቶ ይለያያል። በአጋርነት ግን የግሉ ወገን የራሱን ገንዘብ አውጥቶ አገልግሎቱን ለዓመታት ያቀርባል፤ ሥጋቱንም ይጋራል። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ይህንን አሠራር ደንግጎ የሚመራውንም ቦርድ አቋቁሟል።

ጥያቄ፦ ለጽዳት ከውኃ ሒሳብ ጋር እየከፈልን ቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር ወደ ሰፈራችን ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ከአባላቱ በፊት ውሉን መመርመር ይገባል። አዲስ አበባ ለማኅበራቱ ለዓመታት የከፈለችው ወደ ገንዳ ያደረሱት ቆሻሻ በሜትር ኩብ ተሰልቶ ነው። በዚህ ስሌት ሆቴልና ሱቅ የበዛበት መንገድ ጋሪውን ቶሎ ይሞላል፤ ጋሪ በማያስገባው ጠባብ ቁልቁለት ግን ሠራተኛዋ ጆንያውን በጀርባዋ ተሸክማ ደጋግማ ወጥታና ወርዳ የምታገኘው እዚያ ግባ የሚባል አይደለም። የደከመችበት ሳይሆን የሞላችው ጋሪ ስለሚቆጠርላት እርሷን መውቀስ አግባብ አይመስለኝም። ውሉ «እያንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ» ብሎ ግዴታውን ቢያስቀምጥ፣ የነዋሪው ፊርማም የክፍያ ማስረጃ ቢሆን የእናንተም በር ይንኳኳ ነበር።

ጥያቄ፦ ረጅም ውል ባለሀብት ይስባል ይባላል። ስንት ዓመት ይበቃል?

መልስ፦ ባለሀብቱ ያወጣውን ከተመጣጣኝ ትርፍ ጋር እስኪመልስ ድረስ ብቻ ነው። የአሜሪካዋ ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 36,000 የሚጠጉ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ መቁጠሪያዎቿን በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለ75 ዓመታት ለአንድ የግል ኩባንያ አስተላለፈች፤ ምክር ቤቱም ውሉን በቀናት ውስጥ አጸደቀው። የከተማዋ ዋና ተቆጣጣሪ በቀጣዩ ዓመት ከተማዋ 974 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደቀረባት አሰላ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ከተማዋ የማቆሚያ ቦታ ስትዘጋ ለኩባንያው ካሳ እንድትከፍል መገደዷ ነው፤ በገዛ መንገዷ ላይ የመወሰን ነጻነቷን ነው አሳልፋ የሰጠችው።

ጥያቄ፦ በክልል ከተማ ነው የምሠራው፤ በቂ ባለሙያ የለንም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከአንድ የገበያ ማዕከል ወይም ከአንድ ቄራ ጀምሩ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ውሉን በየወሩ የሚከታተል ሰው በስም መድቡ፤ ደመወዙም ከበጀቱ ላይ ይያዝ። ፈራሚው ኃላፊ ሲዛወር ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ የጠፋበት ቢሮ ገጥሞኛል፤ ኮንትራክተሩ የፈለገውን ዋጋ ሲጨምር የሚጠቅሱበት አንቀጽ በእጃቸው አልነበረም።