ገመዱ ገጠመ፤ ምስሉስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዘዞ የምኖር መምህርት ነኝ። የወንድሜ የሠርግና የመልስ ቪዲዮ ላፕቶፔ ላይ አለ። እናቴ በዚያች ትንሽ ስክሪን ማየት አልሆነላትም፤ ለጥምቀት ደግሞ ዘመድ ከቆላ ድባ ይመጣብናል። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ያለው ሰማያዊው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥናችን ፍላት ነው። ፒያሳ ሄጄ አንዱ ጫፉ ሰማያዊ፣ ሌላው ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነ ገመድ ገዛሁ። ሁለቱም ልክክ ብለው ገቡ፤ ቴሌቪዥኑ ግን «ኖ ሲግናል» ከማለት በቀር ምንም አያሳይም። ባለሱቁን ብጠይቀው «ገመዱ ደህና ነው፣ ላፕቶፕሽን አሠሪ» አለኝ። ላሠራው ወይስ ሌላ ገመድ ልግዛ?

መልስ፦ እንዳታሠሪው! ላፕቶፕሽ ምንም አልሆነም። ባለሱቁ «አልተበጠሰም» ማለቱ ከሆነ ልክ ነው፤ ግን ያ ገመድ አዲስም ሆነ አሮጌ ላንቺ አይሠራም። ሰው ጫፍና ጫፉን ብቻ አይቶ ስለሚገዛ ይሸጣል እንጂ፣ እኔ ብሆን ከመደርደሪያው አወርደው ነበር።

ሰማያዊው ቀዳዳ ቪጂኤ ይባላል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው፤ በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳ አለው። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቀለም በየሽቦው ከፍ ዝቅ በሚል ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ድምፅ በእሱ አያልፍም። ኤችዲኤምአይ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ወጣ። ባለ 19 እግር ነው፤ ምስሉንም ድምፁንም በቁጥር ለውጦ ይልካል። እንግዲህ ጤፍ በቱቦ ብታሳልፊ በወዲያኛው ጫፍ ዱቄት ሆኖ አይወጣም። መሀል ላይ ወፍጮ ይፈልጋል፤ ወፍጮው ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ያንቺ ገመድ ቱቦው ብቻ ነው።

ብር ከማውጣትሽ በፊት ግን ቴሌቪዥኑን ዞር አድርጊና ጀርባውን እዪው። ቆየት ያሉ ፍላት ቲቪዎች ብዙዎቹ «ፒሲ ኢን» የሚል የተጻፈበት ያንኑ ባለ 15 ቀዳዳ አላቸው። ካለው ተገላገልሽ፤ ሁለቱም ጫፉ ወንዴ የሆነ ተራ የቪጂኤ ገመድ ይበቃሻል። እሱንም ከመግዛትሽ በፊት የትምህርት ቤታችሁን የኮምፒውተር ክፍል ጠይቂ፤ ከተጣሉ ስክሪኖች ጋር ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ገመድ ነው። ድምፁን ለብቻው ትወስጂዋለሽ፤ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ቴሌቪዥኑ «ኦዲዮ ኢን» በቀጭን የድምፅ ገመድ። እሱ ቢቸግር ስፒከር ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጪ፤ እልልታው ከየትም ቢመጣ እናትሽ ቅር አይላቸውም።

ፒሲ ኢን ከሌለ ወፍጮውን መግዛት ነው፤ ኮንቨርተር ይሉታል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳት። መልካቸው መንታ የሆነ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ይለውጣል። ሱቅ ውስጥ እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ሁለተኛውን ነው፤ አዲስ ላፕቶፕን ከአሮጌ ፕሮጀክተር ለማገናኘት ይፈለጋልና። ገልብጠሽ ብትሰኪው አይሠራም፤ መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። ላንቺ የሚሆነው የቪጂኤው ጫፍ ወንዴ፣ የኤችዲኤምአዩ ጫፍ ሴቴ ሆኖ፣ መብራት የሚያገኝበት የዩኤስቢ ጭራና ድምፅ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። የዩኤስቢውን ጭራ ላፕቶፑ ላይ ስኪው። ከኮንቨርተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይጨርሰዋል። ስትሄጂ ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ በስልክሽ አንሺ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳታዪው አትክፈዪ። የበፊቱንም በዚሁ እንዲቀይርልሽ ለምኚው።

ነጋዴው ወርቅ ቅብ ነው ብሎ ቢያስወድድብሽ እለፊው። በኤችዲኤምአይ የሚሄደው ቁጥር ስለሆነ ወይ ይደርሳል፣ ወይ ምስሉ እየተቆራረጠ ነጥብ ነጥብ ይላል፤ ወርቅ ቀለም አያደምቅም። ለሠርግ ቪዲዮ «ሃይ ስፒድ» የሚል ተራ ገመድ ከበቂ በላይ ነው። ርዝመቱ ከክፍሉ አይብለጥ፤ ከ5 ሜትር በላይ ሲሆን ተራ ገመድ መድከም ይጀምራል።

አሰካኩ፦ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሆኖ ብረቱን ስትነኪው የሚነዝርሽ ከሆነ፣ ላፕቶፑንም ቴሌቪዥኑንም ከሶኬት ነቅለሽ መጀመሪያ ገመዱን አገናኚ፤ መብራቱ በኋላ ይግባ። ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) በሌለው ቤት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚቃጠለው እንዲህ በመሳሰለው ነው። ከዚያ በሪሞቱ «ሶርስ» ተጭነሽ ገመዱ የገባበትን ቁጥር ምረጪ፤ ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ሰክቶ ኤችዲኤምአይ 2ን እያየ «ተበላሸ» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና የፒ ፊደልን (P) አንድ ላይ ተጭነሽ «ዱፕሊኬት» በዪ። ጠርዙ ከተቆረጠ፣ ሙሽራው አንገት አልባ ከሆነ ማለቴ ነው፣ በቴሌቪዥኑ የምስል ስፋት ማስተካከያ ውስጥ ሳምሰንግ ከሆነ «ስክሪን ፊት»፣ ኤልጂ ከሆነ «ጀስት ስካን» የሚለውን ፈልጊ።

ይህን ሁሉ ካልሁሽ በኋላ አንድ ነገር፤ ለዚህ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ገመድም ላያስፈልግሽ ይችላል። ቴሌቪዥኑ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጠሽ ሞክሪው። «ፋይሉ ትልቅ ነው፣ አልገለብጥም» ካለሽ ፍላሹ «ፋት 32» በሚባለው የተዘጋጀ ነው፤ እሱ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቪዲዮውን ያነሣው ልጅ ሠርጉንና መልሱን ለየብቻ ቆርጦ በኤምፒ 4 ይስጥሽ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሆነ ገመድ ከጓደኛዬ ተውሼ ነበር። በእሱ ላፕቶፕ ይሠራል፣ በእኔ አይሠራም። የእኔም ቀዳዳ ታይፕ ሲ ነው።

መልስ፦ ቅርጹ ታይፕ ሲ ነው፣ ልጄ፤ ሥራው ግን ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። አንዳንዱ ፋይል ብቻ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ቻርጅም ያደርጋል፣ አንዳንዱ ብቻ ነው ምስል የሚያወጣ። ቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ምልክት ወይም ዲ እና ፒ ተጣምረው ካየህ ምስል ያወጣል። ምንም ከሌለ የላፕቶፕህን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ «ዲስፕሌይፖርት» በታይፕ ሲው ሥር ተጽፎ እንደሆነ እይ። ካልተጻፈ እንዲህ ያለ ገመድ ብትቀያይር ትከስራለህ። ጎኑን ግን ደህና አድርገህ እየው፤ ብዙ ላፕቶፕ ከታይፕ ሲው ሌላ የራሱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለው፤ ተራው ገመድ እዚያ ይገባልሃል።