ካንሰር ከጡት ተነስቶ ሳንባ የሚደርሰው እንዴት ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ካንሰር መሰራጨት የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ጥያቄ መጣ። እኔ እዚህ ጅማ ስለ ሕዋስ የማስተምር ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ መድኃኒት አላዝም። ስለ ሕዋሱ ግን የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ (ከአጂፕ ሰፈር)፦ ዕጢው ያለው ጡት ላይ ነው። ሳንባ ላይ ምን አመጣው?

ከዕጢው የተገነጠሉ ሕዋሶች በደምና በሊምፍ (ከሕዋሶች መካከል የሚሰበሰበው ፈሳሽ) መስመር ይጓዛሉ። ይሄን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያልተወራለት ግን ከሕዋሶቹ ቀድሞ የሚሄድ ነገር መኖሩ ነው። ሕዋስ ትንንሽ ከረጢቶች ወደ ውጭ ይለቃል። አንዳንዶቹን ውስጡ አዘጋጅቶ ያወጣቸዋል፣ ሌሎቹን ደግሞ ከገዛ ሽፋኑ ቆንጥሮ ይለቃቸዋል። ውስጥ ተዘጋጅተው የሚወጡት፣ ኤክሶሶም የሚባሉት፣ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል ነው አንድ ናኖሜትር የሚሆነው፣ እንግዲህ ትንሽነታቸውን አስቡት። ውስጣቸው ፕሮቲን፣ ስብና አርኤንኤ (ከዘረ መል የተቀዳ መመሪያ የሚይዝ ሞለኪውል) አለ። ጤነኛ ሕዋስም ይለቃቸዋል። በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገና በማደግ ላይ ባሉ ቀይ የደም ሕዋሶች ላይ ሲታዩ ሕዋሱ ቆሻሻውን እየጣለ ነው ተብሎ ነበር የታለፉት። በ2007 ግን የስዊድን ተመራማሪዎች አርኤንኤ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እንደሚያደርሱና ተቀባዩም እንደሚሠራበት አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ነው የሚል የለም።

ጥያቄ (ከሄርማታ ሰፈር)፦ ለምንድነው አንዱ ሳንባ፣ ሌላው ጉበት የሚመርጠው? እንዲሁ ዕድል ነው?

ዕድል አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፔጀት በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ካንሰሩ እንዳገኘ ሳይሆን የተወሰኑ አካላት ላይ ደጋግሞ እንደሚወጣ አየ። ዘሩ የሚበቅለው የሚስማማው አፈር ላይ ነው አለ። እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን፤ ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ጥላው ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ እናውቃለን። ከረጢቶቹ የሚሠሩት ይሄንኑ ነው።

በኒውዮርክ የእነ ዴቪድ ላይደን ቡድን በ2015 ያወጣው ሥራ እኔን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ከረጢቶቹ ሽፋናቸው ላይ ኢንቴግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። አልፋ 6 ቤታ 4 የሚባለውን ዓይነት የያዘው ሳንባ ላይ ያርፋል፣ አልፋ ቪ ቤታ 5 የያዘው ጉበት ላይ። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ወደ ሳንባ ከሚሄድ ካንሰር የተወሰዱ ከረጢቶችን አስቀድመው ለአይጥ ወጉ፤ ከዚያ አጥንት የመውረር ልማድ ያላቸውን የካንሰር ሕዋሶች ሲሰጧት፣ ሕዋሶቹ ሳንባ ላይ በቀሉ። አድራሻው ተቀየረ ማለት ነው።

ጥያቄ (ስሜ ይቅር)፦ ከረጢቱ እዚያ ደርሶ ምን ያደርጋል?

የቆሽት ካንሰርን እንውሰድ። በአይጥ ላይ እንደታየው ከረጢቶቹ ጉበት ሲደርሱ ኩፕፈር የሚባሉት የጉበት ዘብ ሕዋሶች ይውጧቸዋል። የዋጡት ሕዋሶች ቲጂኤፍ ቤታ የተባለ መልእክት ይረጫሉ። ያን የሰሙ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ፋይብሮኔክቲን የሚባል የሚያጣብቅ ፕሮቲን ማከማቸት ይጀምራሉ፣ ከአጥንት መቅኒ የመጡ ሕዋሶችም እዚያው ይሰፍራሉ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው አንድም የካንሰር ሕዋስ ጉበቱን ሳይረግጥ ነው። ጭንቅላት ላይ ደግሞ፣ ከጡት ካንሰር የወጡ ከረጢቶች በደም ሥርና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር ሲያላሉ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ጥያቄ (ከቆጪ ሰፈር)፦ እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አላት። ናሙና በመርፌ ይወሰድ ሲሏት «ስለት ከነካው ይበተናል» ብላ እምቢ አለች። እውነት አላት?

እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ነው የላከው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። መርፌው ባለፈበት መንገድ ሕዋስ የመቅረቱ ነገር ጨርሶ የለም አይባልም፣ ግን ብርቅ ነው። ሐኪሞችም ያውቁታል፤ ለምሳሌ የወንድ ፍሬ ላይ ካንሰር ሲጠረጠር በቆዳው በኩል መርፌ አይሰዱም። የጡት እብጠት ላይ ግን የትም አገር የተለመደ ምርመራ ነው። ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ ካንሰር ከሆነ መርፌ ነካውም አልነካውም ሌት ተቀን ከረጢት እየለቀቀ ነው። የሚያሰራጨው እዚያው መቆየቱ ነው። ካንሰር ካልሆነ ደግሞ፣ አብዛኛው የጡት እብጠትም ካንሰር አይደለም፣ ቁርጡን አውቃ ትተኛለች። ስለት ነክቶት ነው የሞተችው የሚባልላት ሴት ብዙ ጊዜ ሐኪም ፊት የቀረበችው በሽታው አስቀድሞ ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ወሬው ግን ቢላውን ይከሳል። እባክሽ ይዘሻት ሂጂ።

ጥያቄ (ከመንደራ ሰፈር)፦ ከረጢቶቹ ምራቅ ውስጥም ካሉ፣ ከታመመች አክስቴ ጋር በአንድ ትሪ ብበላ ይተላለፍብኛል?

አይተላለፍም። ምራቅ፣ ሽንት፣ የእናት ጡት ወተት፣ የጤነኛውም ሰው ሁሉ ውስጥ ከረጢት አለ። አብሮ በመብላት ካንሰር የያዘው ሰው የለም። ትሪዋን አትለዩባት፣ አጉርሷት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከረጢቱን የሚያስቆም መድኃኒት ለምን አይሰጡንም?

እስካሁን ለዚህ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ መለቀቁን የሚቀንሱ ኬሚካሎች አሉ፣ ችግሩ ጤነኛውም ሕዋስ በዚሁ መንገድ መነጋገሩ ነው። ያንን ስትዘጋ ይሄም ይዘጋል።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦ እዚሁ ሆኜ በዚህ ላይ መሥራት እችላለሁ?

ትችላለህ፣ ግን ከደም አወሳሰዱ ጀምር። ቀይ ሕዋሱ ከፈነዳ ናሙናው ተበላሸ፣ ፕሌትሌቱን (ደም የሚያረጋውን የደም ክፍል) ቶሎ ካልለየህም ቱቦው ውስጥ ራሱ ከረጢት ይለቅብሃል። ፕላዝማው (ሕዋሶቹ ከተለዩ በኋላ የሚቀረው የደም ፈሳሽ) በኔጌቲቭ 80 ዲግሪ ይቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን የሚይዝ ጄኔሬተር መኖሩንም አስቀድመህ አረጋግጥ። የተለመደው የከረጢት መለያ ከመሬት ስበት 100,000 እጥፍ ጉልበት የሚያሽከረክር ማሽን ነው፤ እሱ ከሌለ በመጠን የሚለይ የማጣሪያ ኮለምን አለ፣ ዋጋውም ከማሽኑ በጣም ያነሰ ነው። ፕሮፖዛልህን ጻፍና ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።