በእግሬ እሄዳለሁ፣ ጭኔ ግን አልተመለሰም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወንድ ነኝ፣ 27 ዓመቴ ነው። ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ዞሮብኝ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ኤሲኤል የሚሉት ተበጠሰና ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ አምስት ወር ሆነኝ። አዲሱን ጅማት የሰሩልኝ ከቋንጃዬ ወስደው ነው። አሁን ያለ ክራንች በደንብ እሄዳለሁ፣ ሳይክል እነዳለሁ፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ 50 ስኳት፣ ቁጭ ብድግ ማለቴ ነው፣ እሰራለሁ። ግን የተሰራው እግሬ ጭኑ ቀጭን ነው፣ ሱሪ ስለብስ ራሱ ያስታውቃል፣ ደረጃ ስወርድ ደግሞ ይከዳኛል። ፊዚዮቴራፒ የሄድኩት መጀመሪያ አካባቢ ብቻ ነው፣ ከዛ በራሴ ቀጠልኩ። ጓደኞቼ ስድስት ወር ከሞላህ ግባና ተጫወት እያሉኝ ነው። ምን ላድርግ? ጭኔስ ይመለሳል ወይስ እንዲሁ ሊቀር ነው?

መልስ፦ ወንድሜ እግዜር ይማርህ። ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ ጭንህ ይመለሳል፣ አሁን በያዝከው አሰራር ግን መመለሱን እጠራጠራለሁ። በየቀኑ እንደምትለፋ ገብቶኛል፣ ችግሩ ልፋቱን የሚወስደው ጤነኛው እግርህ መሆኑ ላይ ነው።

ጡንቻው ለምን እንደጠፋ ብታውቅ ይጠቅምሃል። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ ከመገጣጠሚያው ወደ ነርቭ የሚሄደው መልእክት ይዛባና ከፊት ያለው ትልቁ የጭን ጡንቻ፣ ኳድሪሴፕስ የሚባለው፣ ትእዛዝ በሙሉ አይደርሰውም፣ አንተ ባለ በሌለ ኃይልህ ገፋሁ ስትል እሱ ከፊሉ ተኝቷል ማለት ነው። ጉልበት ውስጥ ትንሽ ውሃ መቋጠሩ ብቻ ለዚህ ይበቃል። ፊዚዮቴራፒስቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱ ይጥፋ፣ ጉልበቱ ሙሉ ለሙሉ ይዘርጋ እያሉ የሚጨቀጭቁት ለዛ ነው። በዛ ጊዜ የሟሸሸው ጭን ደግሞ በእግር በመሄድ አይሞላም፣ መሄድ ለሱ ቀላል ስራ ነው፣ ሳይክል ላይም ደህናው እግር ገፍቶ ያልፍለታል።

ስኳቱን በተመለከተ አንድ ነገር ሞክርልኝ። ሁለት የሰው ሚዛን ተውሰህ ጎን ለጎን አስቀምጥና በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ እግርህን አድርገህ ቁም፣ ቀስ ብለህ ስኳት ስትወርድ ሰው ቁጥሩን ያንብብልህ፣ አንተ ወደ ታች እንዳታይ። 70 ኪሎ ከሆንክ 35 በ35 አካባቢ መሆን ነበረበት። ብዙ ሰው እኩል ነው የቆምኩት ብሎ ይምላል፣ ሚዛኑ ግን ወደ ጤነኛው እግር አጋድሎ ይገኛል። ሰውነት ያመመውን ነገር መሸሽ ይለምዳል፣ ሕመሙ ከሄደ በኋላም ልማዱ ይቀራል። ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳን ደረትህን ወደ ፊት ደፍተህ መቀመጫህን ወደ ኋላ ገፍተህ የምትወርድ ከሆነ ስራው ወደ ዳሌህ ሄዷል፣ ጭኑ አሁንም አልሰራም። ስለዚህ ከጎን ቪዲዮ ተቀረጽና እየው።

መድኃኒቱ የተሰራውን እግር ለብቻው ማሰራት ነው፣ ያውም በሚከብድ ክብደት። በአንድ እግር ሌግ ፕሬስ (ተቀምጠህ ክብደቱን በእግርህ የምትገፋበት ማሽን)፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ በተሰራው እግር ቆሞ ሌላኛውን ቀስ አድርጎ መሬት ማስነካትና መመለስ፣ ከወንበር በአንድ እግር መነሳትና መቀመጥ፣ እነዚህ ይበቁሃል። ክብደቱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ብቻ ልትሰራው የምትችለው አድርገው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በእውነት ሊከብዱህ ይገባል፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በመሃል እረፍት እየሰጠህ። ሲቀልህ ጨምር። በየቀኑ 50 ስኳት ያለ ክብደት ትንፋሽና ጽናት ይሰጥህ ይሆናል እንጂ የጠፋ ጡንቻ አይመልስም።

ሌግ ኤክስቴንሽን፣ ማለቴ ተቀምጠህ እግርህን ወደ ላይ የምትዘረጋበት ማሽን፣ አዲሱን ጅማት ይበጥሳል ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ፍራቻው ከመሬት የመጣ አይደለም፣ እግሩ ሊዘረጋ ሲቃረብ ያለው የመጨረሻው ክፍል ጅማቱን ይወጥረዋል፣ በተለይ የተተከለው ጅማት ገና በሚለሰልስባቸው የመጀመሪያ ወራት። ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ ጉልበት ከ90 እስከ 45 ዲግሪ ታጥፎ ባለበት ክልል ብቻ፣ በቀላል ክብደት የሚጀመረው። አንተ ግን አምስት ወር ላይ ነህ፣ ስለዚህ ከሐኪምህ ጋር ተነጋግረህ ብትጀምረው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ኳድሪሴፕስ በሌላ ጡንቻ ተከልሎ የማያመልጥበት ማሽን እሱ ነው። ከቋንጃህ ስለተወሰደም የጭንህን የኋላውን ክፍል አትርሳው፣ በጀርባ ተኝተህ ዳሌህን ከመሬት እያነሳህ ጀምርና ቀስ በቀስ ሌግ ከርል፣ ማለትም ክብደት እየሳብክ ጉልበትህን ወደ ኋላ የምታጥፍበትን ማሽን፣ ጨምር። ያው የኋላው ክፍልም ላይ ድክመት ሊቆይ ይችላል፣ በተለይ ጉልበትህን በጣም አጥፈህ ስትስብ።

ሲበዛብህ በምን ታውቃለህ? ጉልበትህ ይነግርሃል። ስትሰራ ትንሽ ቢያምህና በማግስቱ ቢተውህ ችግር የለውም። በማግስቱ ካበጠ ወይም እንደ ወትሮው አልዘረጋ ካለ ግን በዝቶብሃል፣ እብጠቱ እስኪሄድ ክብደቱን ቀንስ፣ አብጦ እያለ መግፋት ጡንቻውን መልሶ ማስተኛት ነው።

ሁለት ነገር ግን አሁኑኑ ቼክ አድርግ። አንደኛ ተኝተህ ሁለቱንም እግርህን ዘርጋና ከጉልበትህ በስተኋላ ያለውን ክፍተት አወዳድር፣ የተሰራው እንደ ሌላኛው ካልተዘረጋ በስፖርት ብቻ ለማስተካከል አትታገል፣ ውስጥ ጠባሳ በቅሎ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ሁለተኛ ይከዳኛል ያልከው ነገር። ጭኑ አልይዝ ብሎህ ጉልበትህ እጥፍ የሚል ከሆነ ድክመት ነው፣ ይስተካከላል። ውስጡ ያለው አጥንት ተንሸራቶ ቦታውን ለቀቀ የሚል ስሜት ከሆነ ግን ከባድ ነገር ሳትጀምር ቀዶ ጥገና የሰራልህ ሐኪም ጋ ሄደህ ጅማቱን ያስፈትሽልህ።

እድገትህን በሜትር ለመለካት ከፈለግክ ከጉልበትህ ሎሚ 15 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ሁለቱንም ጭን ለካ፣ ሁሌ እዛው ቦታ ላይ። ግን ውፍረት ጉልበት ማለት አይደለም፣ ሌግ ኤክስቴንሽን ላይ በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ ማንሳት የምትችለውን ክብደት ብታወዳድር ይሻላል። ጤነኛው 40 ኪሎ ካነሳና የተሰራው 26 ከሆነ 65 በመቶ ላይ ነህ። ለስፖርት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቢያንስ 90 በመቶ ነው። ጤነኛውም እግር በነዚህ ወራት ተዳክሟልና እሱንም አሰራው፣ አለበለዚያ የምትወዳደረው ከደከመ እግር ጋር ነው።

የጓደኞችህን ስድስት ወር በተመለከተ እኔ አልስማማም፣ እባክህ አትስማቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ከኖርዌይ የመጣ ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስን ባዘገዩ ቁጥር በእያንዳንዱ ወር እንደገና የመጎዳት እድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፣ ሲመለሱ የጭናቸው ጥንካሬ የተቀራረበላቸው ሰዎችም ያነሰ ተጎድተዋል። ስለዚህ ዘጠኝ ወር ሲሞላም ቀኑ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ጭኑ ይድረስ፣ ከዛ ቀጥታ ሩጫ፣ ከዛ ዝላይና በአንድ እግር ማረፍ፣ ከዛ አቅጣጫ መቀየር፣ ከዛ ከቡድኑ ጋር ግጭት የሌለበት ልምምድ፣ ጨዋታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያቋረጥከውን ፊዚዮቴራፒም ቢያንስ በወር አንዴ ብትመለስበትና ፕሮግራምህን የሚያይልህ ሰው ቢኖር በጣም ደስ ይለኛል።