የአንባብያን ጥያቄዎች፦ ከድሮን በፊት ስለበረሩት ሰው አልባ አውሮፕላኖች

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስለ ድሮን ስንጨዋወት አንደኛው «ሰው አልባ አውሮፕላን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜም ነበረ» ብሎ ሞገተን። ኮምፒዩተርም ሳተላይትም ባልነበረበት ዘመን አብራሪ የሌለው አውሮፕላን መንገዱን እንዴት ሊጠብቅ ይችላል? የመጀመሪያውስ የቱ ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነታቸውን ነው፤ እንዲያውም ነገሩ ከዚያ ጦርነት ይቀድማል። ብዙዎች ታሪኩን የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. በ1849 የኦስትሪያ ጦር ከብቦ በያዛት በቬኒስ ከተማ ላይ ቦምብ ያንጠለጠሉ ፊኛዎችን ከለቀቀበት ጊዜ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ነፋሱ ሲዞር ከፊሎቹ ወደ ላኪዎቻቸው ስለተመለሱ፣ እነዚህን ፊኛዎች የአውሮፕላን ቅድመ አያት ማለት ለእኛ ማጋነን ይመስለናል። ይልቁንም መነሻ ሊባል የሚገባው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሳሙኤል ላንግሊ ሜይ 6 ቀን 1896 በፖቶማክ ወንዝ ላይ ያበረረው፣ በእንፋሎት ሞተር የሚሠራው አነስተኛ አውሮፕላን ነው። ከጀልባ ቤት ጣሪያ ላይ ተወንጭፎ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በረረ፤ በስልክ ፈጠራው የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በቦታው ተገኝቶ ፎቶግራፍ አንሥቶታል። ይሁንና አንዴ ከተወነጨፈ በኋላ የሚያዝዘው አልነበረም።

አብራሪ በአየር ላይ ሳለ ያለ ዕረፍት ከሚሠራቸው ሥራዎች ዋነኛው አውሮፕላኑ እንዳያዘነብል ማስተካከል ነው። ይህን ሥራ ለመሣሪያ ያስረከቡት አሜሪካውያኑ ኤልመር ስፔሪና ልጁ ሎውረንስ ናቸው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ ዘንጉ ከያዘው አቅጣጫ በቀላሉ ፈቀቅ ስለማይል፣ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ልዩነቱ ይታወቃል፤ ጋይሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያም በዚህ ልዩነት ተመርቶ መቅዘፊያዎቹን ያስተካክላል። ሎውረንስ በ1914 ፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ ሲበር፣ ረዳቱ ክንፉ ላይ ወጥቶ እየተራመደ፣ እሱ ሁለት እጆቹን ከመሪው አንሥቶ ለተመልካቹ አሳይቷል።

ባልደረባዎ ያሰቡት ሳይሆን አይቀርም የምንለው ደግሞ ቻርልስ ኬተሪንግ በ1918 በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ የሠራው «የአየር ቶርፔዶ» ነው። ይህ አነስተኛ አውሮፕላን ቦምቡን ጨምሮ 240 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ በሀዲድ ላይ ከሚንደረደር ባለ አራት ጎማ ጋሪ ተነሥቶ አቅጣጫውን በጋይሮስኮፕ፣ ከፍታውን በአየር ግፊት መለኪያ ይጠብቅ ነበር። ርቀቱንስ በምን ያውቃል? ሠራተኞቹ አስቀድመው የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ እንዲሁም የዒላማውን ርቀት አገናዝበው ሞተሩ እዚያ እስኪደርስ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ያሰላሉ፤ ቆጣሪው ያን ቁጥር ሲሞላ ሞተሩ ይጠፋል፣ ክንፎቹን የያዙት ብሎኖች ይለቃሉ፣ የቀረው አካል ከነቦምቡ ቁልቁል ይወርዳል። እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ዘዴው ብልሃት የተሞላበት ቢሆንም ነፋሱ መንገድ ላይ ቢለወጥ የሚያርመው ስለሌለ፣ የጦር ባለሥልጣናቱ ፈንጂ ተሸክሞ በወገን ጦር አናት ላይ ማለፉ አሥግቷቸው ነበር። ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ሲያበቃ ተሠርተው ያለቁት 50 እንኳ አልሞሉም፤ አንዱም ለውጊያ አልዋለም።

እንግዲህ ይህኛው ሄዶ የማይመለስ በመሆኑ፣ ከድሮን ይልቅ ለክሩዝ ሚሳይል የቀረበ ዝምድና አለው። ከምድር የሚታዘዘውን ከፈለግን ወደ እንግሊዝ መሻገር አለብን። አርኪባልድ ሎው በ1917 በሬዲዮ የሚታዘዝ አውሮፕላን ቢሞክርም ብዙ ሳይርቅ ወደቀ። ጉዳዩ የተሳካው በ1935 «ኩዊን ቢ» በተባለው አውሮፕላን ነው። ኦፕሬተሩ ምድር ላይ ቆሞ እንደ ድሮው ስልክ ያለ የሚሽከረከር የቁጥር ሰሌዳ ይደውላል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ነው፦ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የፀረ አውሮፕላን ተኳሾች የሚለማመዱበት ዒላማ ስለነበር ተመትቶ ካልወደቀ እንደገና ያርፋል፤ አካሉም ባሕር ላይ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ ከእንጨት ተሠርቷል። ከ400 በላይ ተመርተዋል። ታዛዥነትንና ተመላሽነትን መለኪያ ካደረግን፣ ለጥያቄዎ የምንሰጠው መልስ ኩዊን ቢ ነው።

ጥያቄ፦ ማሪሊን ሞንሮ የድሮን ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ሬጂናልድ ዴኒ የተባለው እንግሊዝ የተወለደ የሆሊውድ ተዋናይ ለሞዴል አውሮፕላን በነበረው ፍቅር የተነሣ ሬዲዮፕሌን የተባለ ኩባንያ መሥርቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር 15,000 የሚጠጉ የዒላማ አውሮፕላኖችን አቅርቧል። ማሪሊን በዚያን ጊዜ ኖርማ ጂን እየተባለች በካሊፎርኒያ በሚገኘው ፋብሪካው ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ከሥራዎቿም አንዱ አውሮፕላኖቹ ሳይሰበሩ ወደ መሬት የሚመለሱባቸውን ፓራሹቶች መመርመር ነበር። ወደ ፎቶ ሞዴልነት የገባችውም የጦሩ ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ኮኖቨር እዚያው በሥራ ላይ ሳለች ካነሣት በኋላ ነው።