ከአሜሪካ የሚመጣ አይፎን ወይስ አዲስ አበባ የሚገዛ ጋላክሲ?

ሐዋሳ ከተማ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ አንዲት ጠያቂ የሚከተለውን ጽፈውልኛል። «ደንበኞቼን የማገኘው በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲሆን ክፍያውንም በቴሌብር እቀበላለሁ። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሁለት ሲሞች አሉኝ። አሁን የያዝኩት የሳምሰንግ ኤ ስልክ አርጅቷል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ገዝቶ ሊያመጣልኝ ይችላል፤ በተቀራራቢ ዋጋ ደግሞ አዲስ አበባ ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ አግኝቻለሁ። የትኛውን ልግዛ?»

ሁለቱም በየኩባንያቸው የዘመኑ ቁንጮ ሆነው የወጡ ስልኮች ናቸው፤ በፍጥነትም ሆነ በጥራት አንዱ ሌላውን አሳፍሮ የሚመልስበት ነገር የለም። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስነው የእርስዎ አሠራር ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ጋላክሲውን እገዛ ነበር፤ ዋናው ምክንያቴም ካሜራው ወይም ፍጥነቱ ሳይሆን ሲሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የወጡት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። ወንድምዎ ቨርጂኒያ ገዝቶ የሚያመጣልዎ አይፎን 15 ፕሮ ማክስ የሚሠራው በኢሲም ብቻ ነው፤ ይኸውም ካርዱ ቀርቶ መስመሩ በስልኩ ውስጥ በሚገኝ ቺፕ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ስልኩ ሁለት ኢሲሞችን በአንድ ጊዜ ማሠራት ስለሚችል ሁለቱን መስመሮችዎን መያዝ አይሳነውም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ኩባንያዎች የእርስዎን ቁጥሮች ወደ ኢሲም እንደሚቀይሩልዎ በአገልግሎት ማዕከላቸው በአካል ቀርበው ሳያረጋግጡ ወንድምዎን ግዛ እንዳይሉት። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ስልኩ የተበላሸ ዕለት የሚሆነው ነው። የቴሌብር ሒሳብዎ ከስልክ ቁጥርዎ ጋር የተያያዘ ነው፤ የማረጋገጫ መልእክቱም የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው። ካርድ ያለው ስልክ ስክሪኑ ቢሰበር ሲሙን አውጥተው በአሮጌው ስልክዎ ይከቱና በደቂቃዎች ውስጥ ሥራዎን ይቀጥላሉ። ስክሪኑ በጠፋ ስልክ ውስጥ ያለን ኢሲም ግን እንዲሁ ነቅለው መውሰድ ስለማይችሉ መታወቂያ ይዘው ማዕከል ድረስ መሄድ ይኖርብዎታል፤ ይህ ደግሞ በእሑድ ወይም በበዓል ዋዜማ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ቢያጋጥምዎ የቀኑን ሽያጭ ያስቀርብዎታል።

ለዓለም አቀፍ ገበያ የተሠራው ኤስ24 አልትራ ሁለት የሲም ካርዶችን ይቀበላል፤ ከፈለጉም ኢሲም አለው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለአሜሪካ የተሠራው ኤስ24 አልትራ የሚቀበለው አንድ ካርድ ብቻ ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት በሴቲንግስ «አባውት ፎን» ውስጥ የሞዴል ቁጥሩን ይመልከቱ። መጨረሻው ላይ ከ928 ቀጥሎ የእንግሊዝኛው «ቢ» ፊደል ካለ ዓለም አቀፉ ነው፤ «ዩ» ከሆነ ግን የአሜሪካው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አካውንት ነው። በጥገና ሥራዬ ልቤን ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ምንም ስብራት የሌለበት አይፎን ይዛ መጣች፤ ስልኩን የገዛችበት ሱቅ ሠራተኛ በራሱ ኢሜይል የአፕል አካውንት ከፍቶ ሰጥቷት ኖሮ፣ ስልኩ ዳግም ሲጫን የይለፍ ቃሉን ጠየቃት። ሠራተኛው ሱቁን ለቋል፤ ቃሉንም የሚያውቅ የለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ያስገባው ይህ መቆለፊያ በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ቢጠረግም (ሪሴት ቢደረግም) የማይለቅ በመሆኑ እኔም ምንም ላደርግላት አልቻልኩም። ጋላክሲም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ተቆልፎ ከተጠረገ በኋላ ቀድሞ የነበረበትን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። የትኛውንም ቢገዙ አካውንቱን በራስዎ ኢሜይልና በራስዎ ስልክ ቁጥር፣ በራስዎ እጅ ይክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፈው ከንግድ ፈቃድዎ ጋር ያስቀምጡት።

በሥርዓተ ክወና (ስልኩን በሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር) ረገድ ለአይፎን የምሰጠው ክብር አለ። በአገራችን በቴሌግራም እየተላኩ ከሚጫኑ የኤፒኬ ፋይሎች (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛዎች) ውስጥ ገንዘብ ለመስረቅ የተሠሩ ይገኙባቸዋል፤ አይፎን እነዚህን ፈጽሞ አይቀበልም። ገንዘቡን በስልኩ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ይህን መዝጊያ ሊንቀው አይገባም። በጋላክሲ ተመሳሳይ ጥበቃ ለማግኘት በሴቲንግስ «ሴኪዩሪቲ ኤንድ ፕራይቬሲ» ውስጥ ያለውን «አውቶ ብሎከር» ያብሩትና ማንም ቢለምንዎ አያጥፉት። በሌላ በኩል እርስዎ አሁንም ሳምሰንግ ስለሚጠቀሙ ፎቶዎንና ስልክ ቁጥሮችዎን የሳምሰንግ ማዛወሪያ መተግበሪያ በሆነው በስማርት ስዊች ማዛወሩ ቀላል ነው፤ የአማርኛ አጻጻፍዎም በለመዱት ኪቦርድ ይቀጥላል።

የልብስዎን ቀለም በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሻጮች በስልኩ የሚያማርሩበት ቢሆንም በአያያዝ የሚስተካከል ነውና። ማንኛውም የስልክ ካሜራ ፍሬሙን የሞላ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛበት መስሎት ያጠቁረዋል፤ ነጭ ሸማ ፎቶ ላይ አመድማ የሚመስለው ለዚህ ነው። በሁለቱም ስልኮች ልብሱን በጣትዎ ነክተው የብርሃን ምልክቱን በትንሹ ወደ ላይ ይሳቡት። በጋላክሲው የስክሪኑን ቀለም ከ«ቪቪድ» ወደ «ናቹራል» ይለውጡ፤ አለበለዚያ የጥለቱ ቀይና አረንጓዴ በእርስዎ ስክሪን ላይ ከእውነቱ የደመቀ ሆኖ እየታየዎት ቀለሙ ትክክል መሆኑን መመዘን አይችሉም። በአይፎኑ ደግሞ «ትሩ ቶን» የክፍሉን ብርሃን ተከትሎ የስክሪኑን ቀለም ስለሚቀይር ፎቶ በሚመርጡበት ሰዓት ያጥፉት። ቪዲዮ ሲነጻጸር አይፎኑ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ቆዳና ጨርቅ በተረጋጋ ቀለም ይቀርጻል ብዬ አምናለሁ፤ ለቲክቶክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር።

ዕድሜያቸውም የሚቀራረብ ነው። ሳምሰንግ ለኤስ24 ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለ7 ዓመታት የሶፍትዌር ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብቷል። አፕልም በተግባር ረጅም ጊዜ ያቆያል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስኤስ በ2024 የወጣውን የአይፎን ሥርዓተ ክወና፣ አይኦኤስ 18ን፣ ተቀብሏል። ሁለቱም ቻርጀር በካርቶናቸው ውስጥ አይዙም፤ ስለዚህ የቻርጀሩን ዋጋ ይጨምሩበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ርካሽ ቻርጀር የስልኩን ቦርድ እንደሚያበላሽ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

ጋላክሲውን ለመግዛት ሲሄዱ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ያድርጉ። በመደወያው ላይ *#06# ሲጽፉ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ቀጥሎ *#0*# ይጻፉ፤ የመፈተሻ ገጹ ሲከፈት ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ተጭነው ስክሪኑ ላይ መስመር ወይም ነጥብ አለመኖሩን ይዩ። ገጹ አልከፈትም ካለ ስልኩ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል አይግዙት።

ወንድምዎ አይፎኑን አስቀድሞ ገዝቶት ከሆነ ግን አይዘኑ፤ እሱ ከአሜሪካ ከመነሣቱ በፊት «ጄኔራል» ከዚያም «አባውት» ውስጥ ገብቶ «ካሪየር ሎክ» በሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጥልዎ። ከስልክ ኩባንያ በየወሩ በሚከፈል ውል የተወሰደ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ በዚያ ኩባንያ መስመር ብቻ ተቆልፎ ይቆያል፤ እንዲህ ያለው ስልክ እዚህ ከደረሰ በኋላ ኢሲሞችዎን አይቀበልም። ስልኩን ራሱ ሲጠቀምበት ቆይቶ ከሆነም ከአካውንቱ ወጥቶና ጠርጎ ያስረክብዎ፤ ይህን እርስዎ ሐዋሳ ሆነው፣ እሱ ቨርጂኒያ ከተመለሰ በኋላ ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው።