መኪና ይታደሳል ወይስ ይጠገናል?

ጥያቄ፦ አባቴ ያወረሱኝን አሮጌ ላንድሮቨር ቅዳሜና እሑድ በግቢያችን ውስጥ በገዛ እጄ እየሠራሁት ነው። ለአጎቴ «መኪናውን እያደስኩት ነው፤ ሞተሩንም አሠራሁት፤ አሁን መኪናውን የሚሸከመውን ባሌስትራ ከፍ አድርጌ ሰፊና ትልቅ ጎማ በማስገባት ላሻሽለው ነው» ብዬ ብጽፍላቸው፣ «የሚታደሰው ቤትና መንጃ ፈቃድ ነው፤ መኪና ይጠገናል፤ ባሌስትራ ደግሞ አማርኛ አይደለም» ሲሉ መለሱልኝ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ አጎትዎ የነቀፉት ቃል ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ያለው ሳይነኩት ባለፉት ላይ ነው።

«ጠገነ» ስብራት ወይም ብልሽት ይፈልጋል። ወጌሻ አጥንት ይጠግናል፤ የማይነሣ ሞተርና የማይዝ ፍሬንም ይጠገናሉ። «አደሰ» ግን እርጅና ብቻ ይበቃዋል። ግእዙ «ሐደሰ» ነው፤ «አዲስ»ም «ሕዳሴ»ም ከዚያው ይወጣሉ። የእርስዎ መኪና ደግሞ ሁለቱንም ቃላት ያሠራል። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ቸግሯት ስለነበር ፋብሪካው አካሉን ከአልሙኒየም ቅይጥ ሠራው፤ አካሉ የሚያርፍበት መደብ፣ ሻንሲው፣ ግን ብረት ነው። ስለዚህ ቀለሙ የለቀቀው አካል ይታደሳል፤ ዝገት የበላው ሻንሲ ተበይዶ ይጠገናል።

አሁን ወደ ስሕተቱ። «በገዛ እጄ» ካሉ በኋላ «ሞተሩን አሠራሁት» ብለዋል። አሠራ ማለት ሌላ ሰው እንዲሠራ አደረገ ማለት ነው፤ ሞተሩ ጋራዥ ገብቶ ወጣ እንደማለት። እጅዎ በግራሶ የተበከለው እርስዎ ከሆኑ «ሠራሁት» ይበሉ። «ጠገንኩ» እና «አስጠገንኩ»፣ «አደስኩ» እና «አሳደስኩ»ም እንዲሁ ናቸው። አንዲት ፊደል የእርስዎን ላብ ለመካኒክ አሳልፋ ትሰጣለች።

«ላሻሽለው» ያሉትም ጥንቃቄ ይሻል። በውስጡ «ተሻለ» አለ፤ ተናጋሪው ፍርዱን አብሮ ይሰጣል። መኪናው ከፍ ሲል ድንጋይና ጉድጓድ ይንቃል፤ ጥምዝ ላይ ግን ይበልጥ ያጋድላል፤ በትልቅ ጎማ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል። አጎትዎ «ምኑ ተሻለ?» ቢሉ መልስ ያዘጋጁ፤ ወይም «ለወጥኩት» ብለው ከክርክሩ ይውጡ።

ባሌስትራን አይንኩት። በጣሊያንኛ እንደ ጠመንጃ ምላጩ እየተሳበ የሚወነጨፍ የቀስት ዓይነት ስም ነው፤ ተደራርቦ የጎበጠው ብረት ቀስት ስለመሰላቸው ለመኪናም ሰጡት። ፍሬቻ ደግሞ በጣሊያንኛ ፍላጻ ነው። ድሮ የመታጠፊያው ምልክት መብራት ሳይሆን ከመኪናው ጎን ብቅ የሚል ክንድ ነበር። እንግዲህ ላንድሮቨርዎ ሳያውቁት ቀስትና ፍላጻ ታጥቆ ይዞራል! ቃሉም ብረቱም የእኛ ከሆኑ ቆይተዋል፤ አንጥረኛው እንኳ የተሰበረ ባሌስትራ ቀጥቅጦ ቢላዋ ያወጣበታል።

አጎትዎ የግድ ይተካ ካሉ «ድርብርብ የብረት ሞላ» ማለት ይቻል ይሆናል። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደው በዚህ ስም ቢጠይቁ ግን ሻጩ «ባሌስትራ ነው የፈለጉት?» ይልዎታል። በዚያ ላይ ሞላም ጣሊያንኛ ነው።