«ቲቸር፣ ለፈተና ይመጣል?»

የምክር አምድ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። በለገጣፎ መስመር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ለተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽ ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ። ሎጂክና ስብስብ፣ የቁጥር ሥርዓት፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ፤ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ያው ሞጁል ነው። ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪ አለ። ትዕግሥቴ አልቆ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ቢሻክር ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የዘንድሮ ልጆች ምን እንደነካቸው አልገባኝም። ክፍል የሚጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 2፡10 ላይ በር እዘጋለሁ፤ ከዚያ እስከ 2፡30 የሚንኳኳ በር እየሰማሁ ነው የማስተምረው። ታክሲ ጠፋ ይላሉ። ታክሲ ለእኔም ጠፍቷል! ገብተው ከተቀመጡም ደብተር የሚያወጣው ጥቂቱ ነው። ሰሌዳው እስኪሞላ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ሲሞላ ስልክ ከየኪሱ ይወጣና ፎቶ ይነሣል። በቃ፣ ተማሩ ማለት ነው። ጻፉ ስላቸው «ፒዲኤፉን ግሩፕ ላይ ይልቀቁልን» ይሉኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድቼ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ቲቸር፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?»

«ገብቷችኋል?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «አዎ» ነው። «ጥያቄስ?» ስል ዝም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ግን ቴሌግራሜ ውስጥ በግል «ቲቸር ይቅርታ፣ ያቺ ሁለተኛዋ መስመር ከየት መጣች?» የሚል መልእክት ይደረደራል። ቀን አፍ አልነበራቸውም? እኔም ቤት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። አልመልስም።

ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) የሰጠሁት በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ ከ30። ግማሹ ምርጫ፣ ግማሹ ወርክአውት፤ መንገዱን እየጻፉ የሚሠሩት። ምርጫው ላይ ደህና ናቸው፤ 15 ከ15 ያመጣም አለ። ወርክአውቱን ግን 19 ተማሪ ወረቀቱን ነጭ አድርጎ መለሰልኝ። ከ1 የሚነሡ ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር የብዛታቸው ስኩዌር መሆኑን በኢንዳክሽን (ለ1 አሳይቶ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ በመሻገር) አረጋግጡ ብዬ ነበር። ሌሎች ሰባት ደግሞ 1፣ ከዚያ 1+3=4፣ ከዚያ 1+3+5=9 ብለው «ስለዚህ ትክክል ነው» ብለው ዘግተውታል። ምርጫውን ከጎናቸው እንደገለበጡት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ውጤት ከተለጠፈ በኋላ የቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ነው። «ቲቸር፣ 2 ብቻ ይጨምሩልኝ»፣ «እኔ እኮ ሃይስኩል ከአንድ እስከ ሦስት ነበር የምወጣው»። አንድ አባት ደግሞ ደውለው «ልጄ ጎበዝ ነበር፤ እናንተ ጋ መጥቶ ነው የተበላሸው» አሉኝ። ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ዲፓርትመንቱ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ከፈለግሁ ሦስተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ መያዝ እንደምችል ነግሮኛል። ፍሬሽ ልያዝ የሚል መምህር ስለማይገኝ ውሳኔውን ለእኔ ትተውታል። ባለቤቴ ልቀቂና ዕረፊ ይለኛል። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ ሌላ ነው፤ ሰነፎቹ እነሱ ናቸው ወይስ ለፍሬሽ የማልሆነው እኔ ነኝ? ልልቀቃቸው?

የሒሳብ መምህርት፣ ከለገጣፎ

መልስ

ውድ መምህርት፦

ማታ 4 ሰዓት ላይ ደርሶዎት ያልመለሱት መልእክት የሴሚስተሩ ምርጥ ጥያቄ ነው። «ሁለተኛዋ መስመር ከየት መጣች?» የሚለው ልጅ የኢንዳክሽንን ልብ ነው የነካው። የመጀመሪያዋ መስመር ለ1 እንደሚሠራ ማሳየት ናት፤ ይህችን ማንም ይሠራታል። ሁለተኛዋ «ለኬ፣ ማለትም ለአንድ ለያዝነው ቁጥር፣ እውነት ነው እንበል» ትላለች። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ እዚህ ላይ ቢደነግጥ ልክ ነው፤ አረጋግጥ የተባለውን ነገር እውነት ነው ብሎ መጀመር ማጭበርበር ይመስለዋል። ለኬ እውነት ነው ማለት ለሁሉም እውነት ነው ማለት እንዳልሆነ፣ የሚረጋገጠው ከኬ ወደ ቀጣዩ የሚደረገው እርምጃ መሆኑን የነገረው የለም። ድምሩ ኬ ስኩዌር ላይ ደርሷል እንበል፤ ቀጣዩ ጎዶሎ ቁጥር 2ኬ+1 ነው፤ ሲደመርበት የ(ኬ+1) ስኩዌር ይሆናል። ይህችን አንዲት እርምጃ ሳይረዳ የቀረ ልጅ በፈተና ቀን ምን ያደርጋል? ወይ ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል፣ ወይ 1፣ 4፣ 9 ብሎ ይዘጋል።

ስለዚህ የኩረጃውን ክስ ያንሡልኝ። ሁለት ሦስት ኮራጅ የሌለበት ክፍል የለም፤ ግን የሚኮርጅ ልጅ ከጎኑ ምርጫውን ወስዶ ወርክአውቱን ለምን ነጭ ይተወዋል?

ሰባቱ ያደረጉት ሰልጥነውበት የመጡትን ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከላይ እስከ ታች ምርጫ ነው። በምርጫ ፈተና ጎበዝ ተማሪ ቀመሩን አያረጋግጥም፤ 1ን፣ 2ን፣ 3ን እየተካ የማይሠሩትን አማራጮች ይጥልና የተረፈውን ያጠቁራል። እነዚያ ሦስት መስመሮች እዚያ ሙሉ ነጥብ ያስገኛሉ፤ እርስዎ ጋ ሲመጡ ዜሮ ሆኑ። ፈተናው መቀየሩን ግን ማንም አልነገራቸውም። ደግሞ እነማን እንደሆኑ ያስቡ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበር። ክፍልዎ የተቀመጠው ወይ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው፣ ወይ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብቶ እንደገና ለወራት ምርጫ ሲያጠቁር ከርሞ ያለፈ ነው። ሰነፍ ከሆነም በጣም ታታሪ ሰነፍ ነው።

ባዶ የመለሱት 19ኙ ሌላ ጉዳይ አለባቸው። በምርጫ ፈተና ለግማሽ እውቀት ግማሽ ነጥብ የለም፤ ወይ አገኘኸው ወይ ሳትከው። መንገዱ ራሱ እንደሚታረም የማያውቅ ልጅ፣ መጨረሻውን ካላወቀ መጀመሪያውን አይጽፍም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጥያቄው ከ10 ከሆነ ነጥቡን እዚያው ፈተና ወረቀቱ ላይ ያትሙት፤ ለ1 ማሳየት 2፣ «ለኬ እንበል» ብሎ መጻፍ 2፣ ወደ ቀጣዩ መሻገር 5፣ መደምደሚያ 1። የመጀመሪያዎቹን 4 ነጥቦች ማንም ልጅ ጥሎ አይወጣም፤ እነሱን ከጻፈ ደግሞ እጁ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል።

ክፍል ውስጥም በባዶ ገጽ አይጀምሩ። መጀመሪያ ሙሉ ማረጋገጫ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና የመጨረሻዋን መስመር ይተዉላቸው። ቀጥሎ በሌላ ጥያቄ መሐሉን ይተዉ፤ ብዙው ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው፣ በተለይ አዲሱን ቁጥር ደምሮ ወደ ስኩዌር ሲመልስ። የሚያሰናክለው ኢንዳክሽኑ ሳይሆን የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ሆኖ ያገኙታል። ይህ ሲታይ የሁለት ቁጥሮች ድምር ስኩዌር እንዴት እንደሚዘረዘር አምስት ደቂቃ ይስጡት፤ የቀረውን ሳምንት ያተርፉበታል። ባዶ ወረቀቱን በመጨረሻ ያምጡት።

አሁን ልቆጣ። የመጀመሪያውን ፈተና በሰባተኛው ሳምንት፣ ያውም ከ30? ፍሬሽ ስለ ራሱ የሚሰማው የመጀመሪያ ዜና በሰባተኛው ሳምንት ከሆነ እስከዚያ ሐሳቡን ጨርሷል፤ ወይ «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ተኝቷል፣ ወይ ተስፋ ቆርጧል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከ5 የምትታረም፣ አንድ ምርጫና አንድ አጭር ወርክአውት ያላት ፈተና ይስጡ። በሳምንቱ ውስጥ አርመው ይመልሱ። በአምስተኛው ሳምንት ሌላ ከ5። ሚዱን ወደ 20 ያውርዱት። ድምሩ ያው 30 ነው፤ ልጁ ግን ሁለት ጊዜ ቀድሞ ራሱን ያየዋል።

ስለ ዝምታው። ለገጣፎ አካባቢ ያለ ክፍል ውስጥ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ የተማረ አለ፤ አዲስ አበባ የታችኛውን ክፍል በአማርኛ የጨረሰም አለ። እንግሊዝኛው በኋላ ነው የመጣው። በዚያ እንግሊዝኛ 58 ሰው ፊት ጥያቄ መጠየቅ ለእነሱ ሌላ ፈተና ነው። «ገብቷችኋል?» ለሚለው «አልገባንም» ማለት ደግሞ ባደጉበት ቤት መምህርን ማሳጣት ነው፤ ጅምላው «አዎ» አክብሮት እንጂ ውሸት አይደለም። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ይተዉት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ግማሽ ወረቀት ያስወጧቸው፤ ስም የለም፣ በፈለጉት ቋንቋ፣ «የትኛዋ መስመር ላይ ጠፋችሁ?» ወረቀቶቹን በየዓይነታቸው ይከምሯቸውና በማግስቱ ክፍሉን ትልቁ ክምር ባለው መስመር ይጀምሩ። የማታውን ቴሌግራምም ማታ አይመልሱት፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ቀን ላይ የጠያቂውን ስም አጥፍተው ጥያቄውን ግሩፑ ላይ ይልቀቁት። ተማሪዎቹ ይመልሱት፣ እርስዎ የተሳተውን ብቻ ያርሙ።

ፎቶውን አይቆጡበት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ሳይደርሳቸው ከስልክ ፒዲኤፍ ያነበቡ ልጆች ናቸው፤ ስልኩ መጽሐፋቸው ነበር። ሰሌዳውን ያንሡት፣ መሐሉ የተተወውን ማረጋገጫ ግን በእጃቸው ይሙሉት። በሩንም አይዝጉ፤ የተዘጋ በር የሚቀጣው ከሩቅ፣ ከሰንዳፋ የሚመጣውንም ጭምር እንጂ አልጋ ላይ የቆየውን ብቻ አይደለም። 2 ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፣ 2፡15 ላይ ወረቀቱን ይሰብስቡ። ያረፈደ ያቺን ነጥብ ያጣል፣ ትምህርቱን ግን አያጣም።

«ይጨምሩልኝ» ለሚለው አንድ ነጥብ እንኳ አይጨምሩ። ርኅራኄ ይመስላል፤ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር ሰልፉን ያስረዝመዋል። ይልቅ በሁለተኛው ሳምንት ግሬድ እንዴት እንደሚሰላ ሰሌዳ ላይ ያሳዩአቸው። ሁለት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ቢኖር፣ አንዱ ሲ (2 ነጥብ) ሌላው ኤ (4 ነጥብ) ቢሆን፣ 3 ጊዜ 2 ስድስት፣ 3 ጊዜ 4 አሥራ ሁለት፤ 18 ለ6 ሲካፈል 3.0። 49 ሲ ማይነስ፣ 50 ሲ እንደሆነ ፈተናው ሳይመጣ ይወቁት። ቅሬታ ያለው በሁለት ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ የትኛዋ መስመር ላይ ነጥብ እንደተነፈገው ጠቅሶ ያምጣ። መስመሩን መጥቀስ የማይችል ሰልፍ አይቆምም። ከአንድ እስከ ሦስት ይወጣ የነበረው ልጅ ግን ሲመጣ አይሳቁበት። ሰፈሩም ቤተ ዘመዱም የሚያውቀው በዚያ ደረጃ ነው፤ እናንተ ጋ ከገባ ጀምሮ የሚጠራበት ሌላ ስም አላገኘም።

አባትየውን ልጁ ራሱ እንዲያነጋግርዎት ይንገሯቸው፤ ከዚያ በላይ አይነጋገሩ።

ልልቀቃቸው ወይ ላሉት፦ አይልቀቋቸው። በየኮሌጁ ፍሬሽ የሚጣለው አዲስ ለተቀጠረና እምቢ ለማይል መምህር ነው፤ እኔ ተገላቢጦሹ መሆን አለበት ባይ ነኝ፣ በዚህ አልደራደርም። ሦስተኛ ዓመት ሄደው ያርፋሉ ብለው ካሰቡም ተሳስተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። ልጁ በምርጫ ገብቶ በምርጫ የሚወጣ ከሆነ፣ አንድን ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ጽፎ የሚያሳይበት ጊዜ መሐል ላይ ያለው ነው፤ ያም የሚጀምረው እርስዎ ጋ ነው። እዚህ ያልያዘው ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ የአልጎሪዝም ማረጋገጫ ሲጠየቅ ያንኑ ነጭ ወረቀት ይመልስልዎታል፤ ያኔ ደግሞ ለመመለስ ረፍዷል።

ግን በነፃ አይቆዩ። ፍሬሽ የሚይዝ ሰው ከጠፋ አሁን ዋጋ አለዎት ማለት ነው። ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ 58ቱ ለሁለት ክፍል እንዲከፈሉ፣ ያ ካልሆነ በሳምንት አንድ ሰዓት ቱቶሪያል በፕሮግራም እንዲገባና እንዲታሰብልዎት፣ የፋይናሉም ግማሽ ወርክአውት እንዲሆን። ሦስተኛውን «ማረም ይበዛል» ብለው ይቃወሙታል። እሱን አይልቀቁ፤ በመጀመሪያው ላይ ግን ቢደራደሩ አልፈርድብዎትም።